የግርጌ ትርጉምና የጃፓን ሥዕላዊ ፊልም

በፊልም ወይም በቴሌቪዥን መስኮት ግርጌ እየተጻፈ የባዕድ ቋንቋ ንግግርን ለተመልካች የሚያስረዳው ጽሑፍ በአማርኛ የረጋ ስም የለውም። አንዳንዱ ‹ሰብታይትል› ብሎ እንዳለ ይጠራዋል፤ አንዳንዱ ቃሉን በቃል መልሶ ‹ንዑስ ርእስ› ይለዋል፤ ሌላው ‹የግርጌ ጽሑፍ› ወይም ‹የትርጉም ጽሑፍ› ይላል። ስያሜው እንደተዘበራረቀ ሁሉ ሥራውም ሥርዐት አልወጣለትም። ይህ ጽሑፍ ስለ ስያሜው ጥቂት ከተናገረ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ትርጉም በአንድ አነስተኛ የአካባቢ ጣቢያ ምን ውጤት እንዳስገኘ ያሳያል፤ ከዚያም አማርኛ ተርጓሚ የጃፓንን ሥዕላዊ ፊልም ቢይዝ የሚገጥመውን ችግርና የሚያገኘውን ምቾት ይመረምራል። ጃፓንኛን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር ሳይገናኙ በአገባብ እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ በመካከላቸው የሚገባው እንግሊዝኛ ምን ምን እንደሚያስቀር በግልጽ ለማየት ያስችላሉ።

በመጀመሪያ ‹ንዑስ ርእስ› የሚለው ሊተው ይገባል። የእንግሊዝኛው ቃል ‹ርእስ› የሚለውን ሐሳብ የያዘው ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በወረሰው ልማድ ነው። ያን ጊዜ ንግግሩና ማብራሪያው በሥዕሎቹ መካከል ለብቻው በተጻፈ ካርድ ይታይ ነበር፤ ካርዱም ‹ታይትል› ይባል ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ጽሑፉ ወደ ሥዕሉ ግርጌ ወረደ፤ ስሙም አብሮት ወረደ። አማርኛ ይህን ታሪክ አላለፈበትም። በአማርኛ ‹ንዑስ ርእስ› ማለት በዋናው ርእስ ሥር የሚገኝ የክፍል ርእስ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ለፊልም ማዋል ያለውን ፍች ያደናግራል እንጂ አዲስ ነገር አይሰይምም። ጃፓኖች ይህንኑ ነገር ‹ጂማኩ› ይሉታል፤ ‹ፊደል›ና ‹መጋረጃ› የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣምረው የተገኘ ነው። ያዩትን ነው የሰየሙት። እኛም ያየነውን ብንሰይም ‹የግርጌ ትርጉም› ማለት ይበቃል። ‹የግርጌ ማስታወሻ› የሚለውን የተማረ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ቃሉ ሲሰማ እንግዳ አይሆንም። ‹የግርጌ ጽሑፍ› የሚለውም ቢሆን የሚጣል አይደለም፤ በዚያው በተናጋሪው ቋንቋ፣ ለምሳሌ መስማት ለተሳናቸው፣ የሚጻፈውን ጭምር ስለሚያጠቃልል የሰፋው ስም ሆኖ ይቆይ። የተዋናዩ ድምፅ ተነሥቶ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሲተካ ደግሞ ‹ምትክ ድምፅ› ቢባል አጭርና ግልጽ ነው።

የፊልሙን ዐይነት በተመለከተ ሕዝቡ የያዘው ‹ካርቱን› የሚለውን ነው። ይህ ቃል ከዕቃ መያዣው ከ‹ካርቶን› ጋር በብዙ ሰው አፍ ተቀላቅሏል፤ ‹የካርቶን ፊልም› የሚል ጥቂት አይደለም። የሁለቱም ምንጭ ወፍራም ወረቀት የሚል የጣሊያንኛ ቃል ስለ ሆነ ስሕተቱ ከሥሩ የራቀ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ለጽሑፍ ቋንቋ ‹ሥዕላዊ ፊልም› ይሻላል። የጃፓኑን ለይቶ ለመጥራት ግን ‹አኒሜ› የሚለውን እንዳለ መውሰድ ነው። ጃፓኖችም ቢሆኑ ቃሉን የወሰዱት ከእንግሊዝኛ ነው፤ ወስደውም ጅራቱን ቆርጠው የራሳቸው አደረጉት። ከግእዝ ለመውለድ የሚሻ ሰው ‹ሥዕለ ሕያው› ቢል፣ በግእዝ አገባብ የሚገኘው ፍች ‹የሕያው ሥዕል› እንጂ ‹ሕያው የሆነ ሥዕል› አለመሆኑን ማስተዋል አለበት። ይህን ስንል ግእዝን መሠረት ያደረገ ስያሜ ሕዝብ አይቀበለውም ማለታችን አይደለም። የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ‹ፍኖተ ሰላም› ትባላለች፤ ዘርፍና ባለቤቱ በግእዝ ሕግ የተናበበ ስም ነው። ከቡሬ ለገበያ የሚመጣው ገበሬም ሆነ የአውቶቡሱ ረዳት ስሙን ሲጠራ ግእዝ መናገሩን አያስብም። ስሙ የለመደው ነገር ስላለ ነው። ነገሩ ሳይለመድ ስሙ ብቻ ቀድሞ ሲወጣ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከስያሜው ወደ ሥራው እንለፍ። የጃፓን ተከታታይ ፊልም በግርጌ ትርጉም በአካባቢ ጣቢያ ሲታይ ከቀደሙት አብነቶች አንዱ በሐዋይ ደሴቶች የሚገኘው የሆኖሉሉ ከተማ ጣቢያ ኪኩ ነው። (ቃሉ በጃፓንኛ በዘሩ ከአደይ አበባ ጋር የሚዛመድ አበባ ስም ነው።) በሐዋይ በ19ኛው መቶ ዓመት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የሄዱ የጃፓን ሠራተኞች ዘሮች በብዛት ይኖራሉ። አያቶቹ ጃፓንኛ ይናገራሉ፤ የልጅ ልጆቹ ግን በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አድገው ቋንቋውን ከጥቂት የቤት ቃላት በቀር አያውቁትም ነበር። በ13ኛው ቻናል ይሠራ የነበረው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1974 ‹ኪካይዳ› የተባለውን ተከታታይ ከእንግሊዝኛ የግርጌ ትርጉም ጋር ማሳየት ጀመረ። ፊልሙን ለሐዋይ ተመልካች ካበቁት ሰዎች መካከል ጆአን ኒኖሚያ በተለይ ትጠቀሳለች። በደሴቶቹ ልጆች ዘንድ ያገኘው ፍቅር እስከ ዛሬ ይወሳል። በእርግጥ ‹ኪካይዳ› ሰዎች የሚጫወቱት እንጂ ሥዕላዊ ፊልም አይደለም፤ ታሪኩን የደረሰው ግን የሥዕል ታሪክ ጸሓፊው ኢሺኖሞሪ ሾታሮ ነው፤ በር የከፈተውም ለሥዕላዊ ፊልሞቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሎስ አንጀለስና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚገኙ የጃፓን ማኅበረሰብ ፕሮግራሞች ግዙፍ ሮቦቶች የሚዋጉባቸውን ሥዕላዊ ፊልሞች በዚሁ መንገድ አቀረቡ፤ ከእነዚህ አንዱ ‹ራይዲን› ነበር።

እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በሐዋይ ቤት ውስጥ አያት ይሰማሉ፤ የልጅ ልጅ ያነባል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሥቃሉ። ምትክ ድምፅ ቢሆን ኖሮ አያቲቱ ከቤታቸው መካከል እንግዳ ይሆኑ ነበር። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ጃፓንኛ ጨርሶ የማያውቁ አሜሪካውያን ጽሑፉን እየተከተሉ ማየት ጀመሩ፤ በሜይ 1977 የመጀመሪያውን የአኒሜ ወዳጆች ማኅበር እዚያው መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች የጃፓን ሥዕላዊ ፊልም ቀደም ሲልም አይተዋል፤ ‹አስትሮ ቦይ› በ1963 በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ምትክ ድምፅ ታይቷል። ያዩት ግን ጃፓናዊነቱ የተሸፈነ ነበር። ምትክ ድምፅ የቀደመውን ድምፅ ስለሚያጠፋ ተርጓሚው ወይም አዘጋጁ ታሪኩን ቢለውጥ ማንም አያውቅበትም። ‹ጋቻማን› የተባለው ተከታታይ በ1978 በአሜሪካ በሌላ ስም ሲቀርብ ጭካኔ ያለበት ክፍል ተቆርጦ፣ በጃፓን ያልተሣለ ሥዕል ተጨምሮበት ነበር። በግርጌ ትርጉም ግን ተናጋሪው ሳይነሣ ከጎኑ ተርጓሚው ይቆማል፤ የሚሰማ ጆሮ ካለ ተርጓሚውን ሊመሰክርበት ይችላል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአንድምታ መምህር ንባቡን በግእዝ አሰምቶ ትርጓሜውን በአማርኛ ያስከትላል እንጂ ንባቡን አያጠፋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የባዕድ ፊልም ለተመልካች እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ ሰፊና ተከታታይ የሆነ የአማርኛ ትርጉም ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን የመረጠው ምትክ ድምፅን ነው። የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ተናገሩ፤ ተመልካቹም ጎረፈ፤ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎችም ‹የእኛ ሥራ ይሸፈናል፣ ባህል ይደፈናል› ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ የተካሄደው ስለ ገበያና ስለ ባህል ነበር፤ ስለ ትርጉሙ ጥራት የተባለው ጥቂት ነው፤ ይህም የሚያሳዝን ነው። ከዚህ ሌላ በቪዲዮ ቤትና በየቤቱ የሚታየው ‹ትርጉም ፊልም› አለ። በዚህ ዐይነቱ አንድ ሰው ከፊልሙ ድምፅ በላይ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት እየሆነ፣ አልፎ አልፎም የራሱን ቀልድ እየጨመረ በአማርኛ ይተርካል። ጃፓኖችም በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ‹ቤንሺ› የሚባሉ እንዲህ ያሉ ተራኪዎች ነበሯቸው፤ ዝናቸውም አንዳንድ ጊዜ ከተዋናዮቹ ይበልጥ ነበር።

አኒሜው ራሱ ወደ ከተሞቻችን የገባው ግን በአብዛኛው በዲሽ ከዐረብ አገር ጣቢያዎች ነው። ዐረቦች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ቤይሩት ላይ ‹ግሬንዳይዘር›ን በምትክ ድምፅ ካዘጋጁ ወዲህ፣ ብዙ የጃፓን ፊልም በራሳቸው ቋንቋ አውጥተዋል። የእግር ኳስ ተጫዋቹ ልጅ ትሱባሳ በዐረብኛ ማጂድ ተብሏል። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ልጅ ፊልሙን በዚያ ጣቢያ ካየ ጀግናውን የሚያውቀው በዐረብ ስሙ ነው፤ የሚሰማውን ቋንቋ አያውቀውም፤ ታሪኩን ከሥዕሉ እየገመተ ይከተላል። ሳይገባው መውደዱ የሥዕሉን ኀይል ያሳያል፤ የእኛን ሥራ ግን አያቃልልልንም።

እንግዲህ ፊልሙ በአማርኛ ይጻፍ ቢባል ተርጓሚው በእጁ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጃፓንኛውን ሳይሆን የእንግሊዝኛውን የግርጌ ትርጉም ነው። ትልቁ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። በጃፓን ቤት ታላቅ ታናሹን በስሙ ይጠራል፤ ታናሽ ግን ታላቅ ወንድሙን ‹ኦኒሳን›፣ ታላቅ እኅቱን ‹ኦኔሳን› ይላል እንጂ በባዶ ስም አይጠራም። እንግሊዝኛው ይህን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ወይ ስሙን ይጽፋል፣ ወይ ‹ወንድም› ይላል። ከእንግሊዝኛው የሚገለብጠው አማርኛ ተርጓሚም ‹ወንድሜ› ብሎ ያልፋል። እንዲህ የሚናገር ልጅ ግን በጎጃም ገጠር የለም። ታናሽ ታላቁን ‹አያ› ሳይል ቢጠራ እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል፤ በከተማ ‹ወንድም ጋሼ›፣ ‹እትዬ›፣ ‹እታለም› አለ። (‹ጋሼ› ‹ጋሻዬ› ከሚለው የመጣ መሆኑን ስናስብ፣ ታላቅ ወንድም ታናሹን ከጠላት በሚከላከልበት ፊልም ውስጥ ቃሉ ምን ያህል እንደሚስማማ እናያለን።) ጃፓንኛው ያለው፣ አማርኛውም ያለው ነገር በመካከል በቆመው ቋንቋ ምክንያት ይጠፋል ማለት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በሦስተኛ ሰው አፍ እየተነጋገሩ ሰላምታቸው የሚጠፋባቸውን ይመስላል።

አክብሮቱም እንደዚሁ ነው። ጃፓንኛ ማክበርን በግሡ ላይ ያሳያል፤ ተራው ሰው ሲመጣ ‹ኩሩ›፣ የተከበረው ሲመጣ ‹ኢራሻሩ› ይባላል። አማርኛም ‹ይመጣል›ና ‹ይመጣሉ› አለው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ከስም በኋላ የሚገባውን ‹ሳን› በ‹አቶ› ወይም በ‹ወይዘሮ› መመለስ ግን አይሆንም፤ ‹ሳን› ጾታ አይለይም፣ ለተማሪ ልጅም ይነገራል። ስለዚህ ከስሙ ላይ አንሥቶ ወደ ግሡ ማሸጋገር ይሻላል። ‹ሴንሴይ› ለመምህርም፣ ለሐኪምም፣ ለደራሲም ስለሚባል እንደ ቦታው ‹መምህር›፣ ‹ዶክተር›፣ ‹ጋሼ› ይሆናል። በአማርኛ ፈጽሞ የማይገኘው፣ ተናጋሪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ስለ ራሱ የሚናገርበት የግሥ መልክ ነው። ‹እኔ› የሚለው ተውላጠ ስምም ችግር አለበት፤ በጃፓንኛ ለስላሳው ልጅ ‹ቦኩ›፣ ጉልበተኛው ‹ኦሬ›፣ ጨዋው ‹ዋታሺ› ይላል። አማርኛ አንድ ‹እኔ› ብቻ ስላለው ልዩነቱን በሌላ ቃል፣ በአነጋገር ጠባይ ማምጣት ግድ ነው።

ሚዛኑ አንዳንዴ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። አማርኛ ‹አንተ›ንና ‹አንቺ›ን ሳይለይ መናገር አይችልም፤ ጃፓንኛ ግን ይችላል። በ1967 በቴሌቪዥን በታየው የቴዙካ ኦሳሙ ‹ሪቦን ኖ ኪሺ› የተባለ ሥዕላዊ ፊልም ዙፋን የሚወርሰው ወንድ ብቻ ስለ ሆነ ልዕልቲቱ እንደ ወንድ ልጅ ታድጋለች። ምስጢሩን የሚያውቁና የማያውቁ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ሲያነጋግሯት ተርጓሚው በእያንዳንዱ መስመር ምስጢሩን ሊያወጣ ወይም ተመልካቹን ሊዋሽ ይገደዳል። መውጫው ከአማርኛው ራሱ ይገኛል፤ ‹እርስዎ› ጾታ የለውም። ለንጉሥ ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚስማማ አጠራር የለም። ሞግዚቷ ለብቻቸው ሲሆኑ ‹አንቺ› ስትላት ተመልካቹ ምስጢሩን በአንድ ቃል ያገኘዋል። ይህን እንግሊዝኛው ሊያደርገው አይችልም።

ስለ ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንድ ምሳሌ ግን ይበቃል። ‹ኪኖ ያማ ካራ ኦሪታ ሂቶ› የሚለው ጃፓንኛ ቃል በቃል ሲመለስ ‹ትናንት ከተራራ የወረደ ሰው› ይሆናል። ‹ከ› በጃፓንኛ ከስሙ በኋላ ከመግባቱ በቀር ቦታውን የለወጠ ቃል የለም። በእንግሊዝኛ ‹ሰው› የሚለው ይቀድማል፣ ‹ትናንት› መጨረሻ ይሆናል። ውጥረት ባለበት ትዕይንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጃፓናዊው ‹እገድልሃለሁ›ን ወይም ‹አልገድልህም›ን የሚናገረው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ሥዕሉም የተሣለው ያን ጠብቆ ነው። እንግሊዝኛው አሉታውን አስቀድሞ ያወጣዋል፤ አማርኛው ግን ማሰሪያ አንቀጹን ይዞ ከተናጋሪው ጋር እኩል ሊጨርስ ይችላል። ከእንግሊዝኛው ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ንግግሩ በሁለት ጽሑፍ የተከፈለበትን ቦታ እንዳለ መቅዳት ልማድ ነው፤ ይህ መተው አለበት።

የቀረው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግርጌ ትርጉም በተለምዶ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ሁለት ሙሉ መስመርም ለ6 ሰከንድ ያህል ይቆያል። አማርኛ እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ ‹አልነገርኩህም› 8 ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ከነክፍት ቦታው 17 ይፈጃል። ይሁን እንጂ ፊደላችን ሰፊ ነው፤ ቃሉም ረዥም ስለ ሆነ በመስመር መጨረሻ ለመቁረጥ አይመችም። ከዚህ የከፋው አናባቢው የሚታወቀው በትንሽ ቅጥያ መሆኑ ነው። ካዕቡ ቅጥያውን በወገቡ፣ ሣልሱ በእግሩ ይይዛል። ‹ሂዱ›ና ‹ሂዲ›፣ ‹ጠብቁ›ና ‹ጠብቂ› የሚለዩት በዚያች ጭረት ብቻ ነው፤ በደበዘዘ ቴሌቪዥን ላይ ለእመቤት የተነገረው ትእዛዝ ለገረድ የተነገረ መስሎ ይነበባል። ለዚህ ደቃቅ የሆነውን የመጽሐፍ ፊደል ትቶ ቅጥያው የጎላ፣ ጠርዙ በጥቁር የተከበበ ፊደል መምረጥ ያስፈልጋል።

ጥብቀትም በጽሑፋችን አይታይም። በመጽሐፍ ውስጥ ዐውዱ ይረዳል፤ አንባቢውም ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። በቴሌቪዥን ጽሑፉ ያልፋል። ሁለት ሮቦቶች በተፋጠጡበት ‹ይመታል› ተብሎ ቢጻፍ፣ ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። እንዲህ ባለ ቦታ ‹ይመታዋል› ወይም ‹ሊመቱት ነው› ብሎ ጥርጥሩን ማስወገድ የተርጓሚው ግዴታ ነው። ፊደል ገና በመቁጠር ላይ ላሉ ሕፃናት ደግሞ የግርጌ ትርጉም አይሆንም፤ ለእነርሱ ምትክ ድምፅ ይሻላል፤ ማንበብ ለለመደው ግን፣ በተለይ ከ10 ዓመት በላይ ላለው፣ የመጀመሪያውን ድምፅ መንሣት አይገባም እንላለን። ማንበብ የሚችል ልጅ ለማትችለው አያቱ ጮኾ ያነብላታል፤ ከሆኖሉሉው የተገላቢጦሽ ነው።

በመጨረሻ ስለ ስሞች። የጃፓን ‹ካና› ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚያጣምር ስለ ሆነ፣ በቀጥታ ቢገለበጥ ችግሩ ጥቂት ነው። አምስቱ አናባቢዎች በካዕብ፣ በሣልስ፣ በራብዕ፣ በኃምስና በሳብዕ ይጻፋሉ፤ ግእዙ አያስፈልግም፤ ሳድሱ ለመዝጊያው ‹ን› ይውላል። ድርብ ተነባቢያቸው በእኛ ዘንድ በአነባበብ ስለሚጠብቅ ‹ኒፖን› ብሎ መጻፍ ይበቃል። አስቸጋሪው ‹ትሱ› ነው፤ በ‹ጹ› የሚጽፉ አሉ፣ የእኛ ‹ጽ› ግን ፈንጂ ድምፅ ስለ ሆነ አይስማማም፤ ስለዚህ ‹ትሱባሳ› እንላለን። በሰው አፍ ረግተው የኖሩትን፣ እንደ ‹ቶኪዮ›ና እንደ ‹ሱናሚ› ያሉትን ግን በዚህ ሕግ ለማረም መነሣት አያስፈልግም።